የማሙሽ ግፊትና አጃቢዎቹ

ሐምሌ 4

እኔ ልዩ እምሩ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ (ማለቴ፣ መስከረም ላይ)፣ በሙሉ ጤንነቴና በገዛ ፈቃዴ፣ ሰማይም ምድርም ይስማኝ ብዬ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ለእህቴ ለቅድስት ከሚመጣላት አጥሚት ግማሹን የምጠጣው እኔ ነኝ። አራሷ እሷ ናት፣ ወዙ የሚወጣው እኔ ላይ ነው። እማማ ትርሓስ ትናንት ቴርሞሱን ነቅነቅ አደረጉና «ጎበዝ ቅድስትዬ፣ እንዲህ ጠጪልኝ» አሏት። ቅድስት ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። በቃ ተናዘዝኩ። ንስሐው ይቀጥላል፣ አጥሚቱም ይቀጥላል።

ከዚህ ውጪ ያለው ነገር ሁሉ የኔ ጥፋት አይደለም። ደንቡ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ሴት እናቷ ቤት ትታረስ ይላል። የማን መኝታ ቤት እንደሚወሰድ ግን ደንቡ ዝም ብሏል። የተወሰደው የኔ ነው። እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ነኝ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ እንደ ተፈናቃይ እነሳለሁ።

ማሙሽ (ክርስትና እስኪነሳ ስሙ ይኸው ነው) ከቀኑ ቀድሞ ነው የመጣው። ሆስፒታል ሙቀት ክፍል ከረመ፣ በእምብርቱ በኩል በቀጭን ቱቦ መድኃኒት ሲሰጠው ቆየ፣ ባለፈው ሳምንት ወጣ። ዛሬ ለክትትል ወስደነው ነበር። ክብደቱ ጥሩ፣ ልቡ ጥሩ፣ ሳንባው ጥሩ። ግፊቱ ብቻ ከፍ ብሏል አሉን።

የማን ግፊት? የማሙሽ። ከኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ያነሰ የሚመዝን ሰው፣ ገና ፈገግ ማለት የማይችል ሰው፣ ደም ግፊት።

ዶክተሯ ረጋ ብላ ነው ያስረዳችን። አንዳንዴ በዚያ ቱቦ የተነሳ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ሥር ይደፈናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም የለም፣ ልኬቱ ነው የሚያሳስተው። እየተመላለሰ ይለካ። በዚሁ ከቀጠለ ተመልሶ ይተኛል፣ መድኃኒትም ይጀመርለታል። ከዚህ ሁሉ ንግግር ቅድስት የሰማችው «ይተኛል» የምትለዋን ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ ማሙሽን ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ነበር።

ሐምሌ 5

ዜናው ወጣ። ቤታችን ውስጥ ዜና የሚወጣው በእማማ ትርሓስ በኩል ነው። እማማ ትርሓስ የእማዬ አክስት ናቸው፤ ለወንድማቸው ለጋሼ ተከስተ ያልነገሩት ነገር ካለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እናም ጋሼ ተከስተ ጠዋት መጡ።

ስለ ጋሼ ተከስተ ማወቅ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ ከቤት ሲወጡ ዣንጥላና የግፊት መለኪያ ይይዛሉ። ለልደት ሲመጡ ይለካሉ፣ ለለቅሶ ሲመጡ ይለካሉ፣ እድር ስብሰባ ላይ ተራ አስይዘው ይለካሉ። ካዛንቺስ ጀርባ ሰፈራቸው ሳለ የጎረቤቱን ሁሉ ግፊት በቃላቸው ነበር የሚያውቁት። ስም ይረሳሉ፣ ቁጥር አይረሱም። «ያቺ ሱቅ ያላት ማን ነበረች፣ መቶ ሠላሳ አምስቷ» ይላሉ። ሰፈሩ ፈርሶ ዳር አገር ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህ በየቀኑ በሁለት ታክሲ እኛ ዘንድ ይመጣሉ። ምን እንደሚያመላልሳቸው እንጃ። «እዚያ ማንን ልለካ ነው» ይላሉ፣ «ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው።»

ሲነገራቸው ያዝናሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ብድግ ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ።

«የኛ ደም ነው» አሉ። «አፍንጫው የኪዱ ነው፣ ጆሮው የኪዱ ነው፣ አልከራከርም። ግፊቱ ግን የኛ ነው።»

ኪዱ የቅድስት ባል ነው፤ ለገሃር ትንሽ ማተሚያ ቤት አለው። አማቶቹ ቤት ሲመጣ በገዛ ልጁ ላይ እንግዳ ሆኖ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ዛሬ ግን ነካው መሰለኝ።

«ጋሼ፣ የኔም አባት እኮ ግፊት አለባቸው» አለ።

«ስንት?»

«መቶ ስልሳ።»

«በመድኃኒት ነው ያለ መድኃኒት?»

«በመድኃኒት።»

«እኔ በመድኃኒት መቶ ሰባ ነኝ» አሉ ጋሼ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

እማማ ትርሓስ ደግሞ ግፊት የሚለውን ቃል አይቀበሉም፤ ለእሳቸው ደም ብዛት ነው። «ይህቺን የምታህል ነፍስ ከየት አምጥታ ነው ደም የበዛባት?» እያሉ ውለዋል። ጥያቄው ትክክል ነው። 

ሐምሌ 7

አዲስ ሕግ ወጥቷል። ግፊት ያለበት ሰው ጨው አይበላም። ማሙሽ ከጡት በስተቀር ምንም ስለማይቀምስ፣ ጨው የተከለከለችው ቅድስት ናት። ጨው የሌለውን ገንፎ ሞከርኩት። የግድግዳ ቀዳዳ ለመድፈን ጥሩ ይመስለኛል።

ግፊት ያለበት ሰው አይናደድም። ስለዚህ ማሙሽ ባለበት ክፍል ዜና አይከፈትም፣ ስለ ዘይት ዋጋ አይወራም፣ ኳስም አይታይም፤ የኪዱ ቡድን ሁልጊዜ ስለሚሸነፍ። ዛሬ ጋሼ ኪዱን «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁት። ኪዱ አፉን ከፈተ። ጋሼ በአገጫቸው ወደ ማሙሽ ጠቆሙት። «ግሩም ነው» አለ ኪዱ። ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ደጅ ወጡ፣ ግሩም እንዳልሆነ እዚያ ተነጋገሩ፣ ተመልሰው ገቡ።

ማሙሽ ተኝቶ ነበር።

ሐምሌ 9

ጋሼ ማሙሽን ለኩት። ማለቴ፣ ሊለኩት ሞከሩ።

ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ የሳቸውን ክንድ የሚያህል ነው። የማሙሽ ክንድ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። «እግሩን እንሞክር» አሉ። እግሩም ጠፋ። ትንሽ አሰቡና ሆዱ ላይ ጠመጠሙት። ሙሉ በሙሉ ዞረው። ከላይ ጭንቅላት፣ ከታች ሁለት እግር፣ መሀል ላይ ጥቁር ጨርቅ። ቁልፉን ሊጫኑ ሲሉ እኔ መሳቅ ጀመርኩ። ስልኬን አውጥቼ እየቀረጽኩ ነበር፣ አልክድም። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ።

ቅድስት በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ገባች፣ ጨርቁን ፈታች፣ ልጇን አነሳች፣ ወጣች።  በሩን እንኳ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ጋሼ መለኪያው ብልሽት እንዳለው ለማረጋገጥ ራሳቸውን ለኩ። ቁጥሩን አዩት፣ መለኪያውን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ስንት ሆነ ጋሼ?» አልኳቸው። «ባትሪው ደክሟል» አሉ።

ቪዲዮውን ደመሰስኩት። ሳቁን ግን መደምሰስ አልተቻለም።

ሐምሌ 11

ለክትትል ሄድን። «ሄድን» ስል ቅድስት፣ ማሙሽ፣ ኪዱ፣ እኔ፣ ጋሼ ተከስተ፣ እማማ ትርሓስ፣ እና እማማ ትርሓስ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ያስከተሏቸው ሁለት የጽዋ ማኅበር ጓደኞቻቸው ማለቴ ነው። ኪዱ «ጋሼ፣ እኛ ብንበቃ» ቢል፣ ጋሼ ከልባቸው ደነገጡ። «ሕፃን ብቻውን ሆስፒታል ይሄዳል? ዘመድ የለውም እንዴ ይበሉን?» በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ብዛታችንን አይቶ የሞተብን መሰለው። «እግዜር ያጥናችሁ» አለን። እማማ ትርሓስ «አሜን» አሉት፤ የሚያስፈልግ መስሏቸው።

ውስጥ የሆነውን ለትውልድ ልጻፈው። የሚለኩት ነርስ ሲስተር አፍራህ ይባላሉ፤ ወጣት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። «ሕፃኑን ጋደም አድርጉልኝ» አሉ። እማማ ትርሓስ በባዶ ሆዱ አይነካም ብለው በዚያው ቅጽበት ጡት አስያዙት። ከዚያ ብርድ እንዳይመታው ፎጣ፣ በፎጣው ላይ ጋቢ፣ በጋቢው ላይ የራሳቸውን ነጠላ ደራረቡበት። ሲስተር ክንዱን ፍለጋ ገቡ። ክንዱ ሲገኝ ማሙሽ ከዓለም ጋር ተጣልቶ ነበር። ያለቅሳል ስል እንዳይመስላችሁ። ክስ ይመሠርታል።

እንዳይናደድ ብለው ጋሼ ጆሮው ሥር መመረቅ ጀመሩ። የጋሼ ድምፅ ስልክ የማያስፈልገው ድምፅ ነው፤ መስኮት ከፍተው ቢናገሩ መስቀል ፍላወር ድረስ ይሰማል። «እደግ። ተመንደግ። ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ።» ሁሉም «አሜን» ይላል። መለኪያው በአሜኑ መሀል ይነፋል። ማሙሽ ይጮኻል። «ክፉ አይንካህ።» «አሜን።»

ከባለፈው በለጠ።

ሐምሌ 12

ቅድስት ቁርስ አልበላችም። ምሳም። አጥሚቱን ዛሬ አልነካሁትም፣ እንዳለ ቀዝቅዟል።

ሐምሌ 13

እማማ ትርሓስ፦ «በአራት ሽማግሌ የተሸኘ ልጅ እንዲህ ከሆነ፣ ሰው ስላነስን ነው።»

አልገባኝም። ሰው ስላነስን?

ሐምሌ 18

ሰው አላነስንም። ሚኒባስ ኮንትራት ተያዘ። ማኅበሩ በሙሉ ነበረ፣ አንድ ዲያቆን ነበረ፣ ጋሼ ከድሮ ሰፈራቸው በስልክ ያሰባሰቧቸው አራት ጡረተኞች ነበሩ። ጡረተኞቹ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር፤ ሰፈሩ ከተበተነ ወዲህ ተያይተው አያውቁም። መንገዱን ሙሉ ሲሳሳቁ ነበር፤ ስታዲየም ስንደርስ አንዱ ስለ ማን ጤና እንደምንሄድ ረስቶ ጠየቀ።

ሲስተር አፍራህ በዚህ ጊዜ ኮስተር አሉ። «ከእናት በስተቀር ሁሉም ውጪ።» ወጣን፤ ማለቴ፣ ከመጋረጃው ማዶ ተደረደርን። ጋሼ ውጪ ናቸው፣ የግራ ጫማቸው ግን ውስጥ ነው። መለኪያው ዥዥ ባለ ቁጥር መጋረጃው ይናገራል፦

«ስንት ሆነ?»

«ገና ነው አባቴ።»

«አሁንስ?»

«አባቴ፣ ልጁን አስደነገጡት።»

«ማን፣ እኔ? እኔ እያጽናናሁት ነው።»

መቶ አሥራ ስምንት። ባለፈው መቶ ስምንት ነበር፣ ከዚያ በፊት መቶ። ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ አስተማሪዬ ይመስክር። ግን አራት ሆነን ስንሄድ መቶ፣ ስምንት ሆነን ስንሄድ መቶ ስምንት፣ ሚኒባስ ሞልተን ስንሄድ መቶ አሥራ ስምንት። ከፍ ሲል ሰው ይጨመራል፣ ሰው ሲጨመር ከፍ ይላል። በዚህ አያያዝ እስከ ክርስትናው ድረስ በሁለት አውቶቡስ ነው የምንሄደው።

የማሙሽ ኮፍያ ቀርታ ስለነበር ተመለስኩ። ሲስተር አፍራህ ብቻቸውን ነበሩ፣ ማስክ አውርደው ውኃ ይጠጣሉ። የሒሳቤን ግኝት ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም፣ ወንበር ሳቡልኝ።

የጨቅላ ግፊት መለካት ለካ አስቸጋሪ ነው። ሲያለቅስ ይወጣል፣ ሲጠባ ይወጣል፣ ሲያቅፉት፣ ሲያገላብጡት፣ ሲደነግጥ ይወጣል። ትክክለኛው እንዲህ ነው አሉኝ፦ ከጠባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆይ። ተኝቶ ወይም ጸጥ ብሎ ይሁን። ጨርቁ በቀኝ ክንዱ ይታሰርና እንደታሰረ ይረሳው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ማንም አይንካው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይለካል፣ የመጀመሪያው ይጣላል።

«ለምን ይጣላል?»

«የመጀመሪያው የድንጋጤ ነው» አሉ።

ሌላም አለ። ጨርቁ ከክንዱ ጋር ካልገጠመ ያሳስታል፤ ከጠበበ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ማሙሽ በዚህ አንድ ወር ወፍሯል፣ የሚታሰርለት ግን ሙቀት ክፍል ሳለ የነበረው ልክ ነው። «እኔም ዛሬ ክንዱን መለካት ነበረብኝ» አሉ ሲስተር፣ «ግን በዚያ ጩኸት መሀል እጄን ማግኘትም አቅቶኝ ነበር።»

«እና የኩላሊቱ ነገር ውሸት ነው?» አልኳቸው።

«እንደሱ አላልኩም» አሉ። «እስካሁን ያላወቅነው ነገር ነው ያልኩሽ።»

ሐምሌ 19

ዛሬ ቂርቆስ ነው። እማማ ትርሓስ ከንግሥ መጥተው ጠበል ረጩን። «ያንን ሕፃን ከነእናቱ ከፈላ ውኃ ያወጣ፣ ይህንን ከደም ብዛት ማውጣት አያቅተውም» አሉ። ሙድ ልይዝባቸው ፈልጌ ነበር። ቅድስት እጃቸውን ይዛ ስትስም አየሁና ተውኩት።

ለእማማ የሲስተር አፍራህን ነገር ልነግራቸው ሞከርኩ። ሰው በዛ፣ ሰው ሲበዛ ይጮኻል፣ ሲጮኽ ይወጣል። ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። «ልጄ፣ ሰው መድኃኒት ነው» አሉ። 

ሐምሌ 21

መጥፎ ቀን።

ጋሼ ሳሎን ተቀምጠው ለአንድ ጠያቂ ስለ ዘራቸው ግፊት ያብራሩ ነበር። አባታቸው፣ አያታቸው፣ አንድ ባላምባራስ፣ ሁሉም ባለ ግፊት። «ወርዶ ወርዶ ቅድስት ጋ ደረሰ፣ ከሷ ደግሞ ለልጁ» አሉ፣ እንደ ርስት። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ከግድግዳው ወዲያ ቅድስት ለእማዬ የምትለውን ሰማሁ፦

«እኔ ነኝ የሰጠሁት።»

«ምን አልሽ?» አለች እማዬ።

«ደሙ ነው ይላሉ እኮ። የኔ ደም ነው። እርጉዝ ሆኜም ጨው እበላ ነበር፣ ያኔም አልተውኩም።»

እማዬ «ዝም በይ፣ ዝም በይ» እያለች አቀፈቻት። 

ሳሎን ገባሁ። ጠያቂው መሄዱን እንኳ አላየሁም። «ጋሼ፣ ደሙ ደሙ ማለቱን ይተዉት» አልኩ። «ቅድስት በሰማች ቁጥር ጥፋተኛዋ እሷ እየመሰላት ነው። ደሞ ማሙሽ የሚጮኸው በእርስዎ ድምፅ ነው። ግፊቱ እርስዎ ነዎት።»

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንደዚህ ተናግሬ አላውቅም። ማለቴ፣ በሆዴ ብዙ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ባፌ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ መለኪያቸውን አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ከተቱ፣ ተነሱ፣ ወጡ። ደጅ ዝናብ ነበር። ዣንጥላቸውን ረስተዋል። ሮጬ አልሰጠኋቸውም።

ሐምሌ 22

አልመጡም።

ሐምሌ 23

አልመጡም። ዣንጥላቸው በሩ ጎን ቆማለች። እማማ ትርሓስ «ጉንፋን ይዞት ነው» ይላሉ። እሺ፣ ጉንፋን ነው። በዝናብ የሄደ ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፣ ተፈጥሯዊ ነው።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። እንዲህ ጸጥ ሲል ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ሐምሌ 25

ኩላሊቱ በአልትራሳውንድ ታየ። በግልጽ የሚታይ ነገር የለም አለች ዶክተሯ። ኪዱ ሊስቅ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች፦ ምክንያቱ ባይታይም፣ ግፊቱ በዚያ ከፍታ ከቆየ ዝም ተብሎ አይታይም፤ ለአንጎሉም ለልቡም አደጋ ነው። ነሐሴ 2 የመጨረሻው ልኬት ነው። ያኔም ከፍ ካለ እዚያው ይተኛል።

ቅድስት ቤት ስትደርስ የማሙሽን ልብሶች ማጣጠፍ ጀመረች። ወደ ቦርሳ። ወደ ሆስፒታል ቦርሳ። አራት ጊዜ አጣጥፋ አራት ጊዜ ፈታችው። «ላግዝሽ?» አልኳት። «የቱ ይበቃዋል ትያለሽ?» አለችኝ፣ ጣት የምታህል ካልሲ ይዛ። ካልሲዋን ተቀብዬ ከሌሎቹ ጋር ቦርሳው ውስጥ ከተትኳት። 

ሐምሌ 28

ለእማማ ትርሓስ ነሐሴ 2ን ማን ነግሯቸው እንደሆነ እግዜር ይወቅ፤ አውቶቡስ እየተጠየቀ ነው። ሁለት የማኅበር ሴቶች ከበሮ ይያዝ አይያዝ እየተከራከሩ ሰማሁ። ከበሮ። ለግፊት።

ለኪዱ ነገርኩት። ማተሚያ ቤቱ ሄጄ፣ በማሽኑ ጩኸት መሀል፣ ሲስተር አፍራህ ያሉኝን አንድ በአንድ። ኪዱ ጎበዝ ሰው ነው ለካ፣ ዕድል አግኝቶ አያውቅም እንጂ። ማሽኑን አጠፋና «አርብ ጠዋት እማማ የት ናቸው?» አለ።

ነሐሴ 2 ፍልሰታ ነው። በፍልሰታ እማማ ትርሓስ ከጠዋት ጀምሮ ዑራኤል ናቸው፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ንቅንቅ አይሉም። ማኅበሩም እዚያው ነው። የሚጎድለው አንዲት ትንሽ ውሸት ብቻ ነው። ውሸት የማን ሥራ እንደሆነ ደግሞ ኪዱም እኔም አላጣነውም።

ሐምሌ 29

ለእማማ፦ «ቀጠሮው ወደ ሰኞ ተዛውሯል።» «ተመስገን» አሉ፣ «አርብ ቅዳሴው ሊያመልጠኝ ነበር።» በፍልሰታ መዳረሻ ለጿሚ ሰው ዋሸሁ። እማዬ ሰምታኛለች። ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች፣ ትንሽ በርታ ብላ።

ነሐሴ 1

ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ስልኩን አልፎ አልመጣም። «ልዩ፣ ቀጠሮው መቼ ነው?»

በሩ ጎን የቆመችውን ዣንጥላቸውን አየሁ። ከዚያ «ሰኞ» አልኩ።

«ሰኞ» አሉ። «እሺ።»

ጋሼ ተከስተ እሺ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ዘግተውታል። ደግሜ አልደወልኩም። ብደውል እውነቱን እነግራቸው ነበር፣ ብነግራቸው ይመጡ ነበር፣ ቢመጡ ደግሞ... ማሙሽን አስቀድሜያለሁ። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኛለሁ። ግማሽ በግማሽ።

ነሐሴ 2

ይህንን የምጽፈው ክፍሉ ውስጥ ነው። ሲስተር አፍራህ ማውራት ከልክለዋል፣ መጻፍ አልከለከሉም። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ እፈነዳለሁ።

ማንም አላየንም። ኪዱ የጓደኛውን መኪና ይዞ መጣ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ገፋነው፣ እንደ ሌቦች። ማሙሽ ቤት ጠብቶ ነው የወጣው። እዚህ ስንደርስ ተኝቷል፣ ከጠባም አንድ ሰዓት አልፎታል። ኪዱ መኪናው ውስጥ ቀረ፤ «እኔም ሰው ነኝ፣ ልቤ ይጮኻል» አለ።

አንድ ፎጣ ብቻ። ጀርባው ላይ ተኝቷል። ሲስተር የክንዱን ዙሪያ በሜትር ለኩ፣ የድሮውን ጨርቅ ወደ ጎን አድርገው ሰፋ ያለ አመጡ። ቀኝ ክንዱ ላይ አሰሩት። እየጠበቅን ነው። ቅድስት አልጋው ጎን ናት፣ እጇን ወደ እሱ ዘርግታ ሳትነካው ይዛዋለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ውዳሴ ማርያም መሰለኝ።

ጣሪያው ላይ የዝናብ ድምፅ። ማሙሽ በእንቅልፉ የሌለ ጡት ይጠባል።

መለኪያው ተነፋ። እጁ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ተመለሰ። ዘጠና ስምንት። ቅድስት ዓይኗን ጨፈነች። ሲስተር ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፦ ይኼኛው ይጣላል። አውቃለሁ፣ የድንጋጤው ነው።

እንጠብቃለን።

ሁለተኛው። ሰማንያ አራት።

ሰማንያ አራት ጥሩ ነው? ሲስተርን በዓይኔ ጠየቅኋቸው። በዓይናቸው «ቆይ» አሉኝ። አንድ ይቀራል። የሚቀረው ከዚህኛው ጋር ከተቀራረበ ነው የሚታመነው።

በሩ

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ናቸው። እዚህ። ዣንጥላቸው እኛ ቤት ናት፣ ከራስ እስከ እግራቸው ርሰዋል። እማዬ ናት የነገረቻቸው፣ ሌላ ማንም አያውቅም። መለኪያው አሁን ሊነፋ ነው። አፋቸውን ከፈቱ። አለቀልን።

ሲስተር ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጋሼ ማሙሽን አዩ። ቅድስትን አዩ፤ ቅድስት ዞር አላለችም፣ መምጣታቸውንም አላወቀችም። ጋሼ ጎንበስ አሉ። ጫማቸውን ነው የሚያወልቁት። ውኃ ስለያዘ እንዳይጮኽ። አንዱን፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ በደረታቸው አቀፏቸው። በካልሲ ቆመዋል። እንኳን ስንት ሆነ ሊሉ፣ የሚተነፍሱም አይመስሉም።

መለኪያው ተነፋ። ማሙሽ ተኝቷል።

ሰማንያ ሁለት።

ሲስተር አውራ ጣታቸውን አነሱልኝ፤ ጎንበስ ብለው በቅድስት ጆሮ የሆነ ነገር ተናገሩ። ለዶክተሯ ያሳያሉ፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ከዚያ ቅድስት ያንን የልብስ ቦርሳ እንደማያስፈልግ ዕቃ በእግሯ ወደ አልጋው ሥር ገፋችው። ግንባሯን አልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። 

ጋሼ አሁን እኔን አዩኝ። እስክርቢቶዬን፣ ደብተሬን፣ ሰኞ ያልኩበትን አፌን። ጫማቸውን እንዳቀፉ ወደ እኔ አንድ እርምጃ መጡ። ስሜን ጠሩ። ከጎኔ ያለው መጋረጃ እንኳ የሰማቸው አይመስለኝም።

«ልዩ።»